«አንዴ ብቻ ውሃ!»፦ ትንሽ ልጅ ያለ ግብግብ እንዴት ይተኛል?

ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። መብራት ካጠፋሁ ድፍን አንድ ሰዓት ሆኖኛል። በሩ ሲጥ አለ። የሦስት ዓመቷ ልጄ የአሻንጉሊቷን ጆሮ ይዛ በባዶ እግሯ ቆማለች።

«ውሃ።»

ጠጣች፤ ተመለሰች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ሽንቴ መጣ» አለች። ሄድን፤ ሁለት ጠብታ። ቀጥሎ የፒጃማዋ አንገት አሳከካት። ከዚያ በጨለማው ውስጥ፣ ትልቅ ሚስጥር እንደሚጠይቅ ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ዓሣ ይተኛል?»

እኔ አልጋዋ ሥር ወለሉ ላይ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። የእሷ ዓይን ግን ፍጥጥ እንዳለ ነው።

ወራት እንዲህ ካለፉ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። ልጅን በግድ እንቅልፍ ማስያዝ አይቻልም። በቁጣም፣ በልመናም፣ በጉቦም ሞክሬዋለሁ። እንቅልፍ በራሱ ጊዜ ይመጣል። የወላጅ ሥራ የሚመጣበትን ሰዓትና መንገድ ማመቻቸት ነው። መንገዱ ደግሞ የሚጀምረው ገና ከጠዋቱ ነው። ከዚህ በታች ያለው እኛ ቤት የሠራውን በቅደም ተከተል ያስቀመጥኩበት ነው። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ይሆናል።

ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ

ለጨቅላ ሕፃን ይህን መመሪያ አትጠቀሙ። ሌሊት እየነቃ መጥባቱ ተፈጥሮው ነው፤ የሚታረም ጠባይ አይደለም። ለእሱ ዋናው ነገር አተኛኘቱ ነው። ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ። ፍራሹ ጠንከር ያለና ጠፍጣፋ ይሁን። ትራስ፣ የተልፈሰፈሰ ብርድ ልብስና አሻንጉሊት ከመኝታው ይውጡ። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ግን በራሱ መኝታ ላይ እንዲተኛ ይመከራል። ሶፋ ላይ ታቅፋችሁት እንቅልፍ እንዳይጥላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ።

1. አምስት ቀን ዝም ብላችሁ መዝግቡ

ምንም ነገር ከመቀየራችሁ በፊት ወረቀት ፍሪጅ ላይ ለጥፉ። በየቀኑ የምትጽፉት አራት ነገር ብቻ ነው፦ ጠዋት የነቃበት ሰዓት፣ የቀን እንቅልፉ የጀመረበትና ያለቀበት፣ መብራት የጠፋበት፣ እና እንቅልፍ የወሰደበት ትክክለኛ ሰዓት። በግምት አይሆንም። የደከመ ወላጅ ሲገምት ያጋንናል። እኔ ራሴ ለሰው ሁሉ «ልጄ እኮ አትተኛም» እያልኩ ነበር የከረምኩት።

ወረቀቱ ግን ሌላ ነገር ነገረኝ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀን ይህን ይመስላል፦ የነቃችው ጠዋት 12:45፤ የቀን እንቅልፍ ከ8:00 እስከ 10:30፤ መብራት የጠፋው ማታ 2:00፤ የተኛችው 3:15።

እስቲ ደምሩት። ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል፣ ቀን 2 ሰዓት ተኩል። በድምሩ 12 ሰዓት።

አሁን ከዚህ ጋር አስተያዩት። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር መሠረት፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ ከ10 እስከ 13። ሁለቱም የቀን እንቅልፍን ይጨምራሉ።

ልጄ ለካ እንቅልፍ አልጎደላትም! 2 ሰዓት ላይ መብራት ሳጠፋባት ገና እንቅልፏ አልመጣም። እኔ እልከኝነት ያልኩት ነገር የሒሳብ ጉዳይ ነበር። አንድ ሰዓት ከሩብ ሙሉ፣ ሳይደክማት ጨለማ ውስጥ አስተኝቻት «ዝም በይ» እላት ነበር። እኔም ብሆን ስለ ዓሣ ማሰቤ አይቀርም።

የእናንተ ድምር ከዝቅተኛው ቁጥር በታች ከወረደ ግን ችግሩ ተቃራኒው ነው። ልጁ ከመጠን በላይ ደክሞታል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የደከመው ትንሽ ልጅ ሁልጊዜ አይፈዝም። ዓይኑን እያሸ ይሮጣል፤ ያለምክንያት ይስቃል፤ ወዲያው ደግሞ ብስኩቱ ተሰበረ ብሎ ቤቱን ይቀውጠዋል። ወደ ማምሻው መኪና ውስጥ ሲገባ ወዲያው ክልትው ይላል። እንዲህ ላለው ልጅ ሦስተኛውን ደረጃ ዝለሉትና የመኝታ ሰዓቱን በግማሽ ሰዓት አስቀድሙለት።

2. የጠዋቱን ሰዓት ቁረጡ፣ ለቀኑ እንቅልፍ ገደብ አብጁለት

የምትነሱበት ሰዓት አንድ ይሁን። በእረፍት ቀንም ቢሆን ከግማሽ ሰዓት በላይ አይለያይ። ልክ ሲነቃ መጋረጃውን ክፈቱ፤ ከተቻለ ደጅ ይውጣ። የሰውነት ሰዓት የሚስተካከለው በብርሃን ነው። ጠዋት ብርሃን ያየ ሰውነት ማታ እንቅልፍ የሚጠራበትን ሰዓት ያውቃል።

አዎ፣ ሌሊቱን ሲያስቸግር ያደረ ልጅ ጠዋት ሲተኛ መቀስቀስ ሆድ ይበላል። ለራስም ያሳዝናል። ግን እስከ ረፋድ ከተኛ ያንኑ ሌሊት በማግስቱ ትደግሙታላችሁ።

የቀን እንቅልፍን በተመለከተ፣ የእኛዋን ከ7:30 እስከ 9:00 አደረግነው። አንድ ሰዓት ተኩል። 9 ሰዓት ላይ መጋረጃውን እከፍትና አጠገቧ ቁጭ እላለሁ፤ ካልነቃች እግሯን ዳበስ ዳበስ አደርጋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለሃያ ደቂቃ ያህል ታኮርፈኝ ነበር። የቀኑ ሃያ ደቂቃ ኩርፊያ ከማታው አንድ ሰዓት ግብግብ ይሻለኛል።

ዕድሜው ሁለት ዓመት ላልሞላ ልጅ የቀን እንቅልፍን ለመከልከል አትቸኩሉ። ብዙዎቹ በ15ኛውና በ18ኛው ወር መካከል በቀን ሁለቴ ከመተኛት ወደ አንድ ጊዜ ይሸጋገራሉ። በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ይነጫነጫሉ፤ ትንሽ ቀደም ብለው ቢተኙ ይቀላቸዋል። ጨርሶ የሚተዉት ደግሞ አብዛኞቹ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ሲተወው ያንን ሰዓት በጸጥታ ማሳለፊያ አድርጉት፤ መጽሐፍ ያገላብጥ፣ ብሎኬት ይደርድር። እሱም ያርፋል፤ እናንተም ሻይ ትጠጣላችሁ።

3. ለጥቂት ቀን አምሽታችሁ አስተኙት

ይህን ለሰው ስነግር ማንም አያምነኝም። እናቴም «ይባስ ብለሽ ልታስመሺያት ነው?» ብላኛለች።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። መዝገባችሁ ላይ ልጁ በትክክል የሚተኛበትን ሰዓት እዩ። የእኛ 3:15 ነበር። የመኝታ ሥነ ሥርዓቱን ሁሉ ወደዚያ ግፉት፤ መብራት የሚጠፋው 3:15 ይሁን። ልጁ አልጋው ላይ ሲወጣ እንቅልፉ አብሮት ይመጣል። አልጋ የጭቅጭቅ ቦታ መሆኑ ያከትማል። መብራት በጠፋ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ውስጥ መተኛት ከጀመረ፣ ሁለት ሦስት ሌሊት እንዲህ ከቀጠለ፣ 15 ደቂቃ አስቀድሙት። 3:00። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ 2:45። እንዲህ እንዲህ እያልን በሁለት ሳምንት ገደማ 2:15 ደረስን። እዚያ ቆምን።

ይህ የሚሠራው ሁለተኛውን ደረጃ ካልለቀቃችሁ ብቻ ነው። አምሽቶ ተኝቶ አርፍዶ ከተነሳ፣ ያመሸ ልጅ ብቻ ነው የሚኖራችሁ።

4. የመጨረሻዋ አንድ ሰዓት

ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ስልኩም፣ ታብሌቱም፣ ቴሌቪዥኑም ይዘጋ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ስክሪን ፊት ተቀምጠው የሚያሳልፉት ጊዜ በቀን ውስጥ በድምሩ ከ1 ሰዓት ያልበለጠ ይሁን፣ ቢቀንስ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ጭራሽ አይመክርም። ቀን ላይ የሚያልፈው ቢያልፍ እንኳ፣ ያቺን የመጨረሻ ሰዓት አጥብቃችሁ ያዟት።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ብርሃኑ። ሲመሽ ሰውነታችን ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፤ «መሽቷል» የሚል መልእክት ነው። ደማቅ ብርሃን ይህን ያዘገየዋል። የትንሽ ልጅ ዓይን ደግሞ ከአዋቂው ይበልጥ ብርሃን ያስገባል። ስለዚህ የጣራውን መብራት አጥፍታችሁ የጥግ መብራት አብሩ። ሁለተኛው ምክንያት የማጥፋቱ ጭቅጭቅ ራሱ ነው። ካርቱን መሃል ላይ የተዘጋበት ልጅ እያለቀሰ ወደ አልጋ ይሄዳል፤ ያ ልቅሶ እስኪበርድ ሌላ ግማሽ ሰዓት ነው።

እኛ ቤት ከስልክ የባሰው ግን ባለቤቴ ነበር። አምሽቶ ይገባል። ልጅቷን ቀኑን ሙሉ አላያትም። በር ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ላይ እያነሳ ጣራ ያደርሳታል፤ ፈረስ ይሆንላታል፤ ሳቋ ጎረቤት ይሰማል። ከዚያ «በሉ ደህና እደሩ» ብሎ እራቱን ይበላል። እኔ ደግሞ ልቧ ድው ድው የሚል ልጅ ይዤ ወደ መኝታ ቤት!

ጨዋታውን መከልከል ግን ልክ አልመሰለኝም። ከአባቷ ጋር ያላት ጊዜ ያቺው ናት። ቦታውን ቀየርነው። ፈረሱ ከገላ መታጠብ በፊት ለአስር ደቂቃ ይጋልባል። ከዚያ ፈረሱ ይደክመዋል፤ እሱ ራሱ ያጥባታል፤ አንዱን መጽሐፍ ያነብላታል።

ለብ ባለ ውሃ መታጠብ በነገራችን ላይ ለማስተኛት ያግዛል። ከውሃው ከወጡ በኋላ ሰውነት ቀስ እያለ ሙቀት ይቀንሳል፤ ያ መቀዝቀዝ እንቅልፍ ይጠራል። በየቀኑ ሙሉ ገላ መታጠብ ካልተመቸ እጅና እግር ይበቃል።

5. ቅደም ተከተሉ አይቀየር

ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ ደቂቃ የሚፈጅ፣ አራት አምስት ነገር ያለው፣ ሁሌ አንድ ዓይነት ሰልፍ። የእኛ፦ መታጠብ፣ ፒጃማ፣ ጥርስ፣ ሽንት ቤት፣ ሁለት መጽሐፍ፣ መብራት።

አንድ ደንብ አለኝ፤ እያንዳንዱ ነገር ወደ አልጋው ያቀርባል እንጂ አያርቅም። መኝታ ቤት ከገቡ በኋላ ወደ ሳሎን መመለስ የለም። ውሃው አልጋው አጠገብ ቀድሞ ይቀመጣል። አሻንጉሊቷ አልጋው ላይ ቀድማ ትጠብቃለች። አንድ ጊዜ «አሻንጉሊቴን ረሳሁ» ብላ ሳሎን ከደረሰች፣ እዚያ ቴሌቪዥን አለ፣ እንግዳ አለ፣ ኳስ አለ። በቃ እንደ አዲስ ነው።

ምርጫ ስጡት፣ ግን ትንንሽ። «ሰማያዊው ፒጃማ ወይስ ቢጫው?» «ወደ ሽንት ቤት እንደ ጥንቸል ወይስ እንደ ዔሊ?» (ዔሊን አታቅርቡ። እኔ አንዴ አቅርቤ ኮሪደሩን ለመጨረስ ስምንት ደቂቃ ፈጅቶብኛል።) «አሁን እንተኛ?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ። ጥያቄ ከሆነ «አይ» ማለት መልስ ነው፤ መብቱም ነው።

ጥርስ ላይ፦ ለሦስት ዓመት ላልሞላው የሩዝ ፍሬ የምታህል የጥርስ ሳሙና፣ ከ3 እስከ 6 ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ፍሎራይድ ያለበት ይሁን። እሱ ይጀምር፤ እናንተ ጨርሱለት። ከጥርስ በኋላ ውሃ ብቻ።

የመጽሐፉ ብዛት ከመጀመሩ በፊት ይታወቅ። ሁለት ከተባለ ሁለት ነው። ሁለተኛውን ስታነቡ ድምፃችሁን ዝቅ፣ ገጹን ቀስ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ድምፃችሁ ሹክሹክታ እስኪመስል ድረስ ለስለስ በሉ። «አንድ ይጨመር» ይመጣል። የእኔ መልስ ሁሌ አንድ ነው፤ «ለነገ አስቀምጪው»፤ መጽሐፉን ትራሷ አጠገብ አኖረዋለሁ። አንድ ማታ ደከመኝ ብዬ ሦስተኛውን ባነብ፣ ለሳምንት ሦስተኛውን እንደምትጠብቅ ከልምድ አውቃለሁ።

ማንበብ ለማይችል ልጅ ቅደም ተከተሉን በስዕል አድርጉለት። እኔ ስዕል አልችልም። የሳልኩት የጥርስ ብሩሽ መጥረጊያ ነው የሚመስለው። ግን ሠርቷል፤ «ጥርስሽን ታጠቢ» የምለው እኔ መሆኔ ቀርቶ «ቀጥሎ ምንድነው?» እያለች ራሷ ትሄዳለች።

6. ነቅቶ እያለ መውጣት

ከባዱ ይሄ ነው።

ሁላችንም ሌሊት ደጋግመን እንነቃለን። አዋቂ ይገላበጥና ይቀጥላል፤ ጠዋት ትዝም አይለው። ልጁ እቅፋችሁ ውስጥ ተኝቶ ከሆነ ግን ሲነቃ እቅፉን ይፈልገዋል። የለም። ስለዚህ ይጣራል። መጀመሪያ ላይ ያለ እናንተ ከተኛ፣ ሌሊት ሲነቃም ያለ እናንተ መመለስ ይችላል።

እኛ የተጠቀምነው ወንበሩን ነው። ሦስት ሌሊት አልጋዋን ተደግፌ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አላወራም፤ እጄን ትይዛለች። ቀጣዮቹን ሦስት ሌሊት ወንበሩ አንድ ሜትር ራቀ። ከዚያ በሩ ጋ። ከዚያ ከበሩ ውጪ፣ በሩ ገርበብ ብሎ። ስልክ አትያዙ፤ ብርሃኑን ታያለች። እኔ ሹራብ መሥራት የተማርኩት በዚያ ሰሞን ነው፤ በጨለማ ስለሆነ ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ።

ሌላው መንገድ ወጥቶ በየጊዜው መመለስ ነው። «ሳህን አጥቤ መጣሁ» ብላችሁ ውጡና በሁለት ደቂቃ ብቅ በሉ። ቀጥሎ በአምስት። ቃላችሁን ግን ጠብቁ። እመጣለሁ ብሎ የቀረ ወላጅ ያለው ልጅ እንዴት ይተኛል? አልጋው ላይ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ።

ክፍሉ የሁላችሁም ከሆነ፣ ወይም አብራችሁ መተኛት የመረጣችሁ ከሆነ፣ ስድስተኛው ደረጃ በግድ አያስፈልጋችሁም። ቀሪው ግን እንዳለ ይሠራል።

7. ለሚመላለስ ልጅ ካርዱ

ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ ይሆናል። አንድ ካርድ ቁረጡ፤ ልጁ በቀለም ያስጊጠው። ማታ ስትሰጡት ሕጉን ንገሩት፦ ይህ ካርድ አንድ ጊዜ ያስወጣሃል። ውሃ፣ አንድ እቅፍ፣ ሽንት፣ ምንም ይሁን። ስትጠቀምበት ለእኔ ትሰጠኛለህ፤ እስከ ነገ ማታ ሌላ የለም። ከእኔ የመነጨ ዘዴ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በአንድ የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ ታትሞ የወጣ ነው።

ልጄ በመጀመሪያው ማታ ካርዱን በሦስተኛው ደቂቃ አቃጠለችው። ውሃ። ሁለተኛው ማታም እንደዚያው። ሦስተኛው ማታ ዝም አለች። በቀዳዳ ሳይ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች፤ ለክፉ ቀን እየቆጠበች ነው! ካርዱን እንደያዘች ተኛች።

ካርዱ ካለቀ በኋላ ከመጣች እጇን ይዤ እመልሳታለሁ። ንግግር የለም፤ ቁጣም የለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ «የመኝታ ሰዓት ነው፤ እወድሻለሁ።» አንድ ማታ አሥራ አንድ ጊዜ ብያታለሁ። የሚቀጥለው ማታ አራት። ልብ በሉ፣ ከመሻሉ በፊት አንድ ሁለት ቀን ይብሳል። ልጁ «እውነት ነው ወይስ እንደ ድሮው?» እያለ ነው። በአሥረኛው ላይ ከተሸነፋችሁ፣ አሥር ጊዜ መምጣት እንደሚያዋጣ አስተማራችሁት።

ለዚህ ነው ቤት ውስጥ ያለ አዋቂ ሁሉ መስማማት ያለበት። አያትም፣ ሞግዚትም። ዝርዝሩን ተመካከሩ፤ ልጁ ፊት ግን አይደለም።

ሌሊት እየጮኸ ቢነሳ

ሁለት የተለያየ ነገር አለ። ቅዠት ብዙውን ጊዜ ወደ ንጋቱ ይመጣል፤ ልጁ ይነቃል፣ ይፈራል፣ ይነግራችኋል። እቀፉት። ሌላው ከተኛ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሰዓታት ውስጥ የሚመጣ የሌሊት ድንጋጤ ነው። ዓይኑን ገልጦ ይጮኻል፤ ግን አያያችሁም፤ ብታቅፉት ይታገላል። አልነቃም። አትቀስቅሱት፤ እንዳይወድቅ እየጠበቃችሁ እስኪያልፍ ቆዩ። ጠዋት ምንም አያስታውስም። የሚያስታውሱት እናንተ ናችሁ።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው?

አብዛኛውን ሌሊት የሚያንኮራፋ፣ ተኝቶ ትንፋሹ ቆም የሚል ወይም የሚያቃስት ልጅ መታየት አለበት። የቶንሲል ወይም የአፍንጫ መዘጋት ሊሆን ይችላል። ማታ ማታ እግሩን ማሳረፍ የሚያቅተው ልጅም እንዲሁ፤ አንዳንዴ የብረት እጥረት ነው። በቂ ሰዓት ተኝቶ ቀን ላይ የሚያንቀላፋም አለ። ሐኪም ሳያዝ እንዲተኛ ተብሎ የጉንፋን ሽሮፕም ሆነ የሜላቶኒን ክኒን አይሰጥም።

ልጁ ሲታመም ይህ ሁሉ ይቁም። አቅፋችሁ አስተኙት። ሲሻለው ከወንበሩ እንደገና ትጀምራላችሁ፤ ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ያጥራል።

የዓሣው ነገር

መብራት ከጠፋ በኋላ ለሚመጡ ጥያቄዎች ደብተር ገዛሁ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጻፍኩት፤ ጠዋት እንነጋገራለን» እላታለሁ፤ በእርግጥም እጽፈዋለሁ። ጠዋት ቁርስ ላይ ደብተሩ ይገለጣል። ካልገለጥኩት በማግስቱ ማታ አታምነኝም።

የመጀመሪያው ገጽ የዓሣው ነበር። ይተኛል አልኳት፤ ግን አብዛኞቹ ዓሦች የዓይን ቆብ ስለሌላቸው ዓይናቸውን ሳይከድኑ ነው የሚተኙት።

ማንኪያዋን አስቀምጣ ትንሽ አሰበች።

«እኔም ትናንት እንደዚያ ነበር የተኛሁት» አለች።